ጦሳን ወጥቶ በሰላም መውረድ፦ ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ላይ የጦሳን ተራራ ለማየት ቀና ማለት ይበቃል። ፒያሳ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብትዞሩ አለ። ልብስ ልታሰጡ ብትወጡ አለ። ጠዋት ጉም ይውጠዋል፣ ረፋድ ላይ መልሶ ይተፋዋል። ሁሌ ስለምናየው ይመስለኛል የምንንቀው። «ጦሳ ነው እንዴ? ቁርስ በልተን ወጥተን ለምሳ እንደርሳለን» የማይል የደሴ ልጅ የለም። እኔም ብዬ ነበር። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ እግሬን እየጎተትኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ወጥቻለሁ። ከጓደኞቼ ጋር፣ ከእህቴ ልጆች ጋር፣ አንዴም ከኮምቦልቻ ከመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር። እዚህ የምጽፈው ጤነኛ ለሆነ፣ ግን ተራራ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ገመድ የሚጠይቅ ነገር የለበትም። እጅ የሚጠይቅ ቦታ ግን አለ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። አቀበቱ ያደክማል እንጂ ብዙም አይጎዳም። ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው። ጉልበት ዝሏል፣ ውሃ አልቋል፣ ሰዓት ሄዷል፣ ልብ ደግሞ «አበቃ፣ ወጣን እኮ» ብሎ ተዘናግቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ የጫማው ምርጫ እንኳ፣ መውረዱን አስቦ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ተራራውን እወቁት

ደሴ የተቀመጠችው በሁለት ከፍታዎች መካከል ነው። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል። ከተማዋ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ማለትም ገና ከቤታችሁ ስትነሱ ብዙ አገር «ተራራ» ብሎ ከሚጠራው በላይ ናችሁ። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። የደሴ ሰው ለምዶታል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች የኮምቦልቻ ሰውም ብዙ አይቸገርም፤ ትንሽ ቶሎ ያለከልካል፣ በቃ። ከአፋር ቆላ ወይም ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ግን ቢያንስ አንድ ሁለት ሌሊት ደሴ አሳድሩት። በመጣበት ቀን ይዛችሁት አትውጡ።

ድንጋዩ ጥቁር ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ከመሬት ውስጥ ፈሶ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ እየተደራረበ የረጋ። ይሄን የምነግራችሁ እግራችሁን ስለሚመለከት ነው። ድርብርብ ስለሆነ ተራራው ደረጃ ሠርቷል፦ ገደል፣ ከዚያ ሜዳ ቢጤ፣ ከዚያ ሌላ ገደል። ከላይ ስታዩ የሚታያችሁ ሜዳው ብቻ ነው፤ በመካከል ያለው ገደል ተደብቋል። በድርብርቦቹ መካከል ደግሞ ቀይ፣ ለስላሳ አፈር ይገኛል። ሲደርቅ ዱቄት ነው፣ ሲረጥብ ሳሙና። ምንጭ የሚፈልቀውም ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገብ ነው። ቀይ አፈር ስታዩ እርምጃችሁን አሳጥሩ።

ወሩን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር አጋማሽ። ሌላውን ወር ለሌላ ነገር ተዉት። ወሎ ሁለት ጊዜ ይዘንብበታል። የሐምሌና የነሐሴውን ማንም ያውቀዋል፤ ሰው የሚያታልለው በልጉ ነው። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውልና ከሰዓት በኋላ ሳታስቡት ጉምና ካፊያ ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጥሩ ናቸው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሚጥል ማለዳ ሳሩና ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ቀኑን በተመለከተ ሰው ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ይላል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው፣ ከሥራ ፈቃድ ካገኘ፣ ሰኞን እመክራለሁ። የደሴ ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው። ገበሬው አህያውን ጭኖ ይወርዳል፣ ከሰዓት ይመለሳል። መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም። መንገድ ላይ ሰው ካለ ደግሞ ካርታም፣ አምቡላንስም፣ ወሬም አለ።

የጸጥታውን ነገር እንዳትረሱ። ከመውጣታችሁ በፊት በነበረው ቀን እዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ወይም ቀበሌውን ጠይቁ። «ቆዩ» ከተባላችሁ ቆዩ። ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም በደሴ ዙሪያ ውጊያ ነበር። ምሽግ የመሰለ ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ። የማታውቁት ብረት መሬት ላይ ካያችሁ አትንኩ፣ በእግራችሁም አትምቱ። ቦታውን ለይታችሁ ስትወርዱ ለፖሊስ ንገሩ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይሄን ገና ቤት እያላችሁ አስጠንቅቋቸው።

ሁለት ሳምንት እግር ማስለመድ

ጂም አያስፈልግም። ደሴ ራሷ ጂም ናት። በሳምንት ሦስት ቀን ባጃጁን ተዉና ዳገት ያለበትን ሰፈር በእግራችሁ ውጡ፣ ውረዱ። ስትወርዱ ቀስ በሉ። ከጭኑ ፊት ያለው ጡንቻ የሚጠነክረው በዝግታ ሲወርዱ ነው፤ ጦሳ ላይ የሚንቀጠቀጠውም እሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቦርሳ ውስጥ አራት ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ተመሳሳዩን መንገድ ሂዱ። ትከሻችሁን የሚቆርጥ ቦርሳ ከሆነ ያኔ ታውቁታላችሁ።

ጫማ

እዚህ ላይ ብዙ እናገራለሁ፣ ታገሡኝ።

አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በማግስቱ ተራራ አትውጡ። ቢያንስ አሥር ቀን ልበሱት። ነጭ፣ ለጥ ያለ ሶል ያለው ሸራ ጫማ አይሆንም። ኮንጎም አይሆንም። ገበሬው በኮንጎ ይወጣል ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ እሱ እግሩ ሌላ ነው። የሚፈለገው ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ስትጠመዝዙት የማይታጠፍ፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ነው። ሳልባጅ ተራ ገብታችሁ በትዕግሥት ብትፈልጉ ያገለገለ የተራራ ቡትስ ይገኛል። ስትገዙ ሁለት ነገር ፈትሹ። ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ጫኑት፦ እንደ ጎማ ትንሽ ከገባ ጥሩ ነው፣ እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ቀጥሎ ሶሉና ቆዳው የተጣበቁበትን ዳር ሳብ ሳብ አድርጉት። ብዙ ዓመት ተቀምጦ የኖረ ማስቲሽ ተራራ መካከል ነው የሚለቀው። አንድ ጓደኛዬ ሶሉ ተገንጥሎ በሻሽ አስሮት ወርዷል። ሻሹ ደግሞ የሌላ ሰው ነበር።

መጠኑ አንድ ጣት ያህል ትርፍ ይኑረው። ሲወርዱ እግር ወደ ፊት ይሸሻል። ጫማው ልክክ ያለ ከሆነ አውራ ጣታችሁ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲመታ ይውላል፣ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከወር በኋላ ይወልቃል። የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ። ካልሲ ወፍራም ይሁን፣ ሁለተኛ ጥንድም ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ተረከዝና የጣቶቻችሁን መካከል ቫዝሊን ቀቡ። እግር ውሃ የሚቋጥረው በሙቀት፣ በላብና በመፋተግ ነው፤ ከሦስቱ አንዱን ብትቀንሱ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የማሰሪያውን ነገር መውረዱ ላይ እመለስበታለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ለጫማ የተባለ ይመስለኛል።

ቦርሳ ውስጥ ምን ይግባ

ውሃ፦ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አንድ፣ ባለ አንድ ሊትር አንድ። ትንሿን እየጠጣችሁ ትልቋን ለመመለሻ አስቀምጡ። ምንጭ ታገኛላችሁ፤ ነገር ግን ከላዩ ከብት ስለሚውል ሳታፈሉ ወይም በውሃ አጋር ሳታክሙ አትጠጡት።

ምግብ፦ በሶ። ሌላውን ሁሉ መተካት ይቻላል፣ በሶን ግን አላውቅም። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ በውሃና በማር በጥብጦ መጠጣት ይቻላል፣ በጨውና በቅቤ ጨብጦ መያዝም ይቻላል። ከበሶው ጋር ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በኪስ። ለምሳ ቅቅል ድንችና እንቁላል፣ ትንሽ ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት። ወጥ በፌስታል አትያዙ። ይሄን የምለው አይቼ ነው።

ልብስ፦ ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አየሩ በ6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አናት ላይ ያለው ንፋስ ግን ዲግሪ አይቆጥርም። ሲወጡ በላብ የራሰ ቲሸርት ለብሶ እዚያ ንፋስ ውስጥ ቁጭ ማለት ነው ሰውን የሚያሳምመው። ስለዚህ ደረቅ ቲሸርት፣ ሹራብ፣ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢ ቤት ይቅር፤ ከረጠበ እንደ በግ ይከብዳል። ባርኔጣ የግድ ነው። ከፍታው ላይ ፀሐይ የማትሞቅ ትመስላለች እንጂ ታቃጥላለች።

ቀሪው፦ ደህና ዱላ። የራስ ባትሪ፣ ስልክ ላይ ያለው መብራት አይበቃም። ፕላስተር፣ ፋሻ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ ፉጨት የምታሰማ ፊሽካ። ትልቅ ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ፤ ዝናብ ቢመጣ ቀዳችሁ ትለብሱታላችሁ፣ ካልመጣ ትቀመጡበታላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ቤት እያላችሁ አውርዱ። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ሰውነታችሁ አጠገብ አኑሩት፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

ሰዓቱን አስሉ

የስኮትላንድ ተራራ ወጪዎች በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሒሳብ አለ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ከፍታ አንድ ሰዓት። ለምሳሌ መንገዳችሁ 6 ኪሎ ሜትር ሆኖ 600 ሜትር ሽቅብ ካለው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል። ይሄ ለጠንካራ ሰው፣ ዕረፍትና ፎቶ ሳይቆጠር ነው። ለእኛ በአንድ ተኩል አባዙት፦ 3 ሰዓት ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ለመውረድም ከዚህ ያነሰ አትያዙ። «ሲወርዱ ፈጣን ነው» የሚባለው አስፋልት ላይ ነው።

ከቤት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ውጡ። የኮምቦልቻ ሰዎች፣ በጠዋት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛችሁ የሀረጎን ዳገት ወጥታችሁ እስክትደርሱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ደሴ ዘመድ ካላችሁ በዋዜማው ማታ እደሩ። ደሴ ዘመድ የሌለው ኮምቦልቼ ደግሞ አላጋጠመኝም።

የመመለሻ ሰዓት አስቀድማችሁ ቁረጡ። የእኔ ደንብ አዛን ነው። የዙህር አዛን ከከተማው ሲነሳ፣ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ መሆኑ ነው፣ ድምፁ ሽቅብ ይመጣል። በዚያ ሰዓት የትም እንሁን፣ ፊታችንን እናዞራለን። አናቱ ሃምሳ ሜትር ቢቀረንም። ከእኛ ቡድን የሚጾመውም የሚሰግደውም በዚህ ተስማምቷል። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ የእጅ ሰዓት ይረሳል፣ አዛን ግን አይቀርም።

የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቤት ለሚቀር አንድ ሰው ንገሩ። «እስከ 12 ሰዓት ካልደወልኩ ፈልጉኝ» በሉ፤ በግልጽ።

የአህያ መንገድና የፍየል መንገድ

ከከተማው ምዕራብ ዳር ካሉት ሰፈሮች ባጃጅ እስከሚደርስበት ሂዱ። ከዚያ በባሕር ዛፉ ውስጥ ሽቅብ የሚሄዱ ብዙ ቀጫጭን መንገዶች አሉ። ሁሉም ወደ ላይ ስለሚሄዱ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። አይደሉም።

ያቺ የመጀመሪያ ጉዞዬ መጋቢት ላይ ነበረች። ሁለት ነበርን። ከቤት የወጣነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ለሁለታችን አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይዘን። ላይ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆነ። ፎቶ ስንነሳ ጉሙ ከበስተጀርባችን መጣ። እንዴት እንደሚመጣ ያየ ያውቃል፤ መጀመሪያ እግራችሁ ሥር ያለው ከተማ ይጠፋል፣ ከዚያ ዛፉ፣ ከዚያ ጓደኛችሁ። የወጣንበትን መንገድ አጣነው። አንድ ጥርት ያለች ቀጭን መንገድ ቁልቁል ስትሄድ አየንና ተከተልናት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆንጆ ነበረች። ከዚያ ክንድ የማትሞላ የድንጋይ ከንፈር ላይ አደረሰችንና ቆመች። ከፊታችን ነጭ ጉም ብቻ። ጓደኛዬ ጠጠር ወረወረ። ሲያርፍ አልሰማንም።

ዞር ልል ስል ጉልበቴ ተጠመዘዘ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ጓደኛዬ መጮህ ጀመረ። ቆይቶ ከላያችን የልጅ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ! በዚያ አይኬድም! የፍየል ነው!»

አሥር ዓመት የሚሆነው እረኛ ነበር። እየተንሸራተተ ወረደና ዱላውን ሰጠኝ። እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ ከፊቴ እየሄደ «እዚህ ርገጥ፣ እዚህ አትርገጥ» ሲለኝ ወረደ። መንገድ ላይ እየጠየቅኩት አስረዳኝ። ፍየል ሳር ፍለጋ ነው የምትሄደው፤ ሳሩ ያለበት ደርሳ ትቆማለች። አህያ ግን ጭነት ይዛ ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት ነው የምትሄደው። ብር ልሰጠው ስል አየኝና «ሃይላንዱን ስጠኝ» አለ። ባዶውን። ሰጠሁት።

እና ደንቡ እንዲህ ነው። መንገድ ሲሰነጠቅባችሁ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። የአህያ ፋንድያ፣ የተፈተገ ድንጋይ፣ የሰው ጫማ ምልክት ካለ እሱ ነው። ስፋቱ ሁለት ሰው ያሳልፋል፣ ቀጥ ያለ ዳገት ሲመጣበት ይጠማዘዛል። ጠጠር የመሰለ የፍየል በጠጥ ብቻ ያለበት፣ ከቁጥቋጦ ሥር የሚሹለከለክ፣ የገደሉን ከንፈር ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ተዉት። ቁልቁል ሲሄድ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተዉት። ጎርፍ የቦረቦረውን ቦይም መንገድ ብላችሁ አትያዙ፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ፏፏቴ ነው።

ሽቅብ ስትሄዱ በየሩብ ሰዓቱ ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩ። መንገድ ሲወጡትና ሲወርዱት መልኩ ይለያያል። መገንጠያ ላይ በስልክ አንድ ፎቶ አንሱ፤ ፊታችሁን ሳይሆን መገንጠያውን።

ሰው ስታገኙ ሰላም በሉ። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፣ ጥቅምም የለውም። አዛውንት ካገኛችሁ ቆም ብላችሁ «እንደምን ዋሉ አባ፣ ይሄ መንገድ አህያ ያስኬዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወደ ላይ ይወስዳል?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁሌ «አዎ» ነው። «ቅርብ ነው?» ብላችሁም አትጠይቁ። የገበሬው «ቅርብ» ለእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ማሳ አታቋርጡ፤ ገብሱ ሣር ቢመስላችሁም ገብስ ነው።

ውሻ ከመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ዱላችሁን ወደ ታች ያዙ፣ ባለቤቱን ተጣሩ። ካልተመለሰ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ምሰሉ። ማስመሰሉ ይበቃል።

ድንጋይ ላይ አረማመድ

ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ጭንጫው ይጀምራል። ቀጋና ሳማም አብሮት አለ፣ ስለዚህ ረጅም ሱሪ።

ሽቅብ ስትሄዱ ሙሉ ሶላችሁን አሳርፉ፣ በጣት አትንጠልጠሉ። እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ዝግ ያለው ሰው ከፊት ይሁን። ይሄን ጎበዞቹ አይወዱትም፤ ግን ከኋላ የቀረ ሰው ሌሎቹ አርፈው ሲጠብቁት ይደርስና እሱ ሳያርፍ እነሱ ይነሳሉ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ሰዓት የሄደ ሰው ሲወርድ አትመኑት።

እጅ የሚያስፈልግበት ቦታ ስትደርሱ ከአራቱ፣ ማለትም ከሁለት እጅና ከሁለት እግር፣ ሦስቱ ሁሌ ድንጋይ ላይ ይሁኑ። አንዱን ብቻ አንቀሳቅሱ። የምትይዙትን ድንጋይ መጀመሪያ በመዳፋችሁ መታ አድርጉት። ጠንካራው «ጥቅ» ይላል። የላላው እንደ ባዶ ጀሪካን ድፍን ያለ ድምፅ አለው። ወደ ታች ጫኑት እንጂ ወደ ራሳችሁ አትሳቡት። እንዴት እንደምትወርዱበት ሳታዩም አትውጡ፤ እንደ ድመት መውጣት ይቻላል፣ እንደ ድመት ተንጠልጥሎ መቅረትም አለ።

ድንጋይ ከእግራችሁ ካመለጠ ወዲያው «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ። ከታች ያለ ሰው ቀና ብሎ አይይ፤ ቦርሳውን ራሱ ላይ አድርጎ ወደ ድንጋዩ ግድግዳ ይጠጋ። ለመዝናናት ብላችሁ ድንጋይ አታንከባልሉ። ከታች እረኛ አለ።

አናት ላይ

ጃኬት ልበሱ። መጀመሪያ ይሄ፣ ቀጥሎ ፎቶ።

ከዚያ ተቀምጣችሁ ከተማዋን እዩ። የንጉሥ ሚካኤልን የአይጠየፍ አዳራሽ ፈልጉ። የሸዋ በርን መስጊድ፣ የመድኃኔዓለምን ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳችሁን ጣሪያ። ቦርከናን በዐይናችሁ ተከተሉት፤ ወደ ደቡብ ወርዶ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል፣ ውሃው የአዋሽ ወገን ነው። እታች ስትኖሩ የማይገባችሁ የደሴ ጠባብነት ከዚህ ሆናችሁ ይገባችኋል።

ከአፋፉ ጫፍ ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቁ። ሰው ፎቶ ሲያነሳችሁ ወደ ኋላ አትሂዱ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ምሳው ይቅር፣ ውረዱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ብሉ፣ ጠጡ። ሳይርባችሁም ብሉ። የምትወርዱበት ነዳጅ ይሄ ነው።

መውረድ

ከመነሳታችሁ በፊት ጫማችሁን ፍቱ። ካልሲ ቀይሩ። ተረከዛችሁን ወደ ኋላ መሬት ላይ መታ መታ አድርጋችሁ አስጠጉት፣ ከዚያ ከቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለውን ማሰሪያ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ጣት ጋ ያለው ላላ ይበል። አሁን እግር ወደ ፊት አይንሸራተትም።

ዱላውን ከፊት አስቀድሙ። መጀመሪያ ዱላ፣ ከዚያ እግር። ጉልበታችሁ ምንጊዜም ትንሽ ታጥፎ ይቆይ፣ ቀጥ ብሎ አይርገጥ። እርምጃ አጭር። ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ነው ተረከዙ የሚያንሸራትተው። ክብደታችሁ ከእግራችሁ በላይ ይሁን። ጠጠር የበዛበት ቁልቁለት ላይ ጎን ለጎን ዙሩ፣ እየተጠማዘዛችሁ ውረዱ። ከዳገቱ ጋር ቀጥታ አትከራከሩ። በጣም ካስፈራችሁ ቁጭ ብላችሁ በመቀመጫችሁ ውረዱ። ሱሪ ይቀደዳል። ሱሪ ይገዛል።

ጠጠር ላይ አንዱ በአንዱ ቁልቁል አትሰለፉ። በጣም ተቀራርባችሁ ወይም ተራ በተራ ውረዱ። በግማሽ ሰዓት አንዴ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ጭን መንቀጥቀጥ ከጀመረ አሥር ይሁን። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብታችሁ የባጃጅ ድምፅ መስማት ስትጀምሩ፣ በጣም ተጠንቀቁ። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሥሩ ያለውን ድንጋይ ይሸፍናል፣ ራሱም ያንሸራትታል። ከእኛ ቡድን እስካሁን ከወደቁት አራት ሰዎች ሦስቱ የወደቁት እዚያ ነው፣ ስለ እራት እያወሩ።

ችግር ሲገጥም

ጉም ከያዛችሁ ቁሙ። መጀመሪያ መቆም ነው። ተጠጋጉ፣ ልብስ ደርቡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ይገለጣል። ካልተገለጠ ስልካችሁ ላይ ባለው ካርታ የመጣችሁበትን መስመር ብቻ ተከተሉ። አቋራጭ የሚባል ነገር በጉም ውስጥ የለም። በፊሽካ ደጋግማችሁ ጥሩ።

የሚንቀጠቀጥ፣ የሚደናቀፍ፣ ንግግሩ የሚኮላተፍ ሰው ካያችሁ ብርድ ገብቶበታል። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ በላስቲኩ ጠቅልሉት፣ ጣፋጭ ነገር ስጡት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ ከፍታው ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ቁርጭምጭሚት ከዞረ ጫማውን አታውልቁ፤ ካወጣችሁት ሊያብጥና ላይገባ ይችላል። በላዩ ላይ በፋሻ አጥብቃችሁ እሰሩ። አራት እርምጃ መሄድ ካልቻለ የሚያወርዱት ሰዎች ጥሩ። አምቡላንስ ተራራ አይወጣም። የገጠሩ ሰው ግን ቃሬዛ መሥራት ያውቃል፤ በሁለት ረጅም እንጨትና በጋቢ ሲሠሩት ዐይናችሁን ማመን ያቅታችኋል። ላወረዷችሁ ሰዎች ድካማቸውን የሚመጥን ነገር ስጡ።

ወጌሻ ነገር ይነሳል። ወጌሻ እወዳለሁ፣ የአባቴን ትከሻ የመለሱት ወጌሻ ናቸው። ነገር ግን እግሩ አብጦ መርገጥ ላልቻለ ሰው መጀመሪያ ራጅ ነው። የተሰበረ አጥንት ከታሸ የበለጠ ይጎዳል።

ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ያን የነገራችሁትን ሰው ደውሉለት። ከዚያ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃና በጨው ዘፍዝፉ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ነገ ደረጃ መውረድ ያስቸግራችኋል፤ ከነገ ወዲያ ይብሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል።

ባዶ ሃይላንዶቻችሁን ተራራው ላይ አትጣሉ። እኔ ስወጣ ሁለት ትርፍ እይዛለሁ። ልጁ አሁን አድጓል፣ ፍየሎቹን የሚጠብቀው ታናሹ ነው። እሱም ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ሃይላንድ!» ብሎ ነው የሚጣራው።